እሳቱ የማይደርስበት ቅጂ

በ1951 አሜሪካ ውስጥ ምንም የሚያገናኛቸው የማይመስል ሁለት ነገሮች ሆኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒውተር በማርች ወር ለአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ መረጃ የሚጽፈውም የሚያነበውም በማግኔት ቴፕ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኸርማን ክናውስት የተባለ የእንጉዳይ ነጋዴ፣ እንጉዳይ ሊያበቅልበት በ1936 የገዛውን የኒውዮርክ ግዛት የብረት ማዕድን ዋሻ የሰነድ ማስቀመጫ አደረገው። ዘመኑ የአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት የነገሠበት ነበርና ኩባንያውን «አይረን ማውንቴን አቶሚክ ስቶሬጅ» አለው። የመጀመሪያ ደንበኛው አንድ የኒውዮርክ ቁጠባ ባንክ ነበር፤ የአስቀማጮቹን መዝገብ በማይክሮፊልም አስነሥቶ በብረት ለበስ መኪና ወደ ተራራው ላከ። ዛሬ አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ ሰዓት በተሞላለት ትዕዛዝ የሰርቨሩን ዳታቤዝና ፋይል ሌሊት ወደ ክላውድ ሲልክ የሚሠራው ሥራ በዓይነቱ ባንኩ ከሠራው አይለይም። የተለወጠው መንገዱና ዋጋው ነው። ስለ ባክአፕ ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ በዚሁ ላይ ነው፤ የትኛው ክላውድ ይረክሳል፣ የትኛው ሶፍትዌር ይፈጥናል። የሰባ ዓመቱ ታሪክ የሚያስረዳው ሌላ ነው። አንድ ቅጂ ባክአፕ የሚባለው ዋናውን ያጠፋው ነገር እሱ ዘንድ መድረስ ሲያቅተው ብቻ ነው። አጥፊው እሳት ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸ ዲስክ፣ የደከመ ሠራተኛ እጅ፣ ፓስዎርድ የሰረቀ ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ክላውዱ ራሱም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ትውልድ የተጠነቀቀው የቀደመውን ትውልድ ለጎዳው አጥፊ ነው፤ የሚጎዳው ግን ሌላው ሆኖ ተገኘ።

እሳቱን እናስቀድም። ጁላይ 12 ቀን 1973 ሌሊት፣ ሚዙሪ ውስጥ ከሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ባለው የብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀናት ፈጀ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደሮች የግል ማኅደር ወደመ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶው አልተረፈም። የማኅደሮቹ ቅጂ የትም አልነበረም፤ ማይክሮፊልም አልተነሣላቸውም፤ ሌላው ቀርቶ ምን እንደተቃጠለ የሚያሳይ ዝርዝር እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጡረታ ወይም ሕክምና ሊጠይቅ የመጣ የቀድሞ ወታደር አገልግሎቱ የሚረጋገጥለት ከደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከተበታተነ ወረቀት እየተለቃቀመ ሆነ። የማኅደሩን ቦታ የተካው ማንም ለመጠባበቂያ ብሎ ያላስቀመጠው፣ በአጋጣሚ በሌላ ጣሪያ ሥር የተገኘ ወረቀት ነው።

በዚያው በ1973 አዲስ አበባ ላይ የዚህ ተቃራኒ ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ሚኒሶታ ያለው የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ያዙ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ዓይነቱን ሥራ በ1965 በኦስትሪያ ገዳማት ሲጀምር የገፋፋው ሌላ ጦርነት ቢነሣ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት ይጠፋሉ የሚል ስጋት ነበር። ከኢትዮጵያ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሡ፤ ፊልሙ አዲስ አበባም ሚኒሶታም ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ የጦርነቱ ዓመታትም ተከተሉ። ይህን የማነሣው ለአገር ኩራት አይደለም። ሥራው የዛሬ ዳታቤዝ አስተዳዳሪ የሚመኘውን ሁሉ አሟልቶ ስለነበር ነው። ቅጂው ከዋናው ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሚያዝበት ሌላ ተቋም ነው፤ አንዴ የታጠበ ፊልም በላዩ ሊጻፍበት አይችልም፤ ሴንት ሉዊስ ያጣችው ዝርዝርም በካታሎጉ አለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ትልልቅ ኩባንያዎች ከነዚህ ከአራቱ ሁለቱን እንኳ ሳይዙ ሲገኙ እናያለን።

ኮምፒውተሩ ዘንድ ችግሩን ያመጣው ዲስክ ነው። አይቢኤም በ1956 ራማክ የተባለውን የመጀመሪያ ባለ ዲስክ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ፤ ተደራርበው የሚሽከረከሩት 50 ዲስኮች የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የቴፕ አሠራር የትናንቱ መዝገብና የዛሬው ለውጥ ተነብበው አዲስ መዝገብ በአዲስ ቴፕ ላይ ይጻፋል፤ የትናንቱ ቴፕ ሳይነካ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ተከታታዮቹን ቴፖች አያት፣ አባት፣ ልጅ ይሏቸው ነበር፤ ልጁ ቢበላሽ ከአባቱ እንደገና ይወለዳል። ባክአፕ ማለት እንግዲህ የሥራው ሂደት በራሱ የሚያስገኘው ነገር ነበር። ዲስክ ግን አሮጌውን ደምስሶ እዚያው ላይ አዲሱን ይጽፋል። ፍጥነቱ የመጣው ከዚሁ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ትናንትን ማስቀረት ራሱን የቻለ፣ ሰው አስቦ የሚሠራው፣ ስለዚህም ሊረሳው የሚችል ሥራ ሆነ። ማታ ማታ ዲስኩ ወደ ቴፕ ይገለበጣል፣ ጠዋት ቴፑ በሣጥን ተደርጎ ወደ ሌላ ሕንፃ ይላካል። በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው ታር የተባለው ትዕዛዝ ለዚሁ ሥራ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ወደ ክላውድ የሚሄደው ፋይልም ብዙ ጊዜ በዚሁ ተጠቅልሎ ይሄዳል።

ፋይል መገልበጥና ዳታቤዝ መገልበጥ አንድ አለመሆናቸውም በነዚያው ዓመታት ግልጽ እየሆነ መጣ። አንድ ደንበኛ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው 1,000 ብር ሲያዛውር ዳታቤዙ ሁለት ቦታ ይጽፋል፤ ከአንዱ ይቀንሳል፣ ለሌላው ይጨምራል። ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ ፋይሎቹን ዝም ብሎ የሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያውን ፋይል ገንዘቡ ከመቀነሱ በፊት፣ ሁለተኛውን ከተጨመረ በኋላ ሊወስደው ይችላል። በቅጂው ላይ 1,000 ብር ከየትም ተፈጠረ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ዳታቤዙ ራሱ የአንድ ቅጽበት ወጥ ምስል እንዲያወጣ መጠየቅ ነው፤ ዱምፕ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ዳታቤዙ ለውጦቹን አስቀድሞ የሚጽፍበትን የምዝግብ ፋይል እየሰበሰቡ ማኖር ነው፤ ከአንድ መሠረታዊ ቅጂ ተነሥቶ ምዝግቡን እያስኬዱ ጥፋቱ ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት ወደነበረው ሁኔታ መመለስ ይቻላል። ነጻው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ይህን ችሎታ ያገኘው በ2005 መጀመሪያ በስምንተኛው እትሙ ነው። ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ በየሌሊቱ ዱምፕ ብቻ የሚያወጣ ድርጅት ቀትር ላይ ቢመታ የግማሽ ቀን ሥራውን ያጣል።

በ1988 የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትስ ብዙ ርካሽ ዲስኮች አንድ ላይ ታስረው አንዱ ቢሞት ሌሎቹ የሚተኩበትን ሬይድ የተባለ አሠራር በጥናት አቀረቡ። እጅግ የተሳካ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰርቨር በእሱ ይሠራል። ነገር ግን አንድ ሥር የሰደደ ስህተት አብሮ አመጣ። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መረጃ ከያዘ ባክአፕ አለኝ የሚል ሰው በዛ። በ2008 መጨረሻ ጆርናልስፔስ የተባለ የብሎግ አገልግሎት ዳታቤዙ በላዩ ተጽፎበት ጠፋ። ዲስኮቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የተጻፈበትን ሌላው በዚያው ቅጽበት በታማኝነት ገለበጠው። የተለየ ቅጂ አልነበረምና የስድስት ዓመት ጽሑፍ ጠፍቶ አገልግሎቱ ተዘጋ። ሬይድ የሚሞትን ዲስክ ይከላከላል፤ የተሳሳተ ትዕዛዝን ግን በእኩል ትጋት ይፈጽማል።

የተሳሳተ ትዕዛዝ በጣም የታወቀው ምሳሌ ግን ቀደም ብሎ፣ በ1998 የሆነው ነው። ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን በሚሠራበት ጊዜ አንድ ሰው ባስገባው የመደምሰሻ ትዕዛዝ የፊልሙ ፋይሎች በሠራተኞቹ ዓይን ፊት ይጠፉ ጀመር። የቴፕ ባክአፕ ነበረ፤ ሲፈተሽ ግን ለሳምንታት በትክክል ሳይጻፍ መቆየቱ ታወቀ። ፊልሙ የተገኘው ጋሊን ሰስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበርና ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ስለነበራት ነው። ታሪኩ እንደ መልካም ዕድል ይተረካል። እኔ ዕድሉን ሳይሆን ቦታውን ነው የማየው፤ የተረፈው ቅጂ ትዕዛዙ የማይደርስበት ማሽን ላይ ነበር።

የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት የርቀትን ጥያቄ ለቦርድ ስብሰባዎች ሁሉ አቀረበው። በዓለም ንግድ ማዕከል ሰሜናዊ ሕንፃ ላይ 658 ሠራተኞቹን ያጣው የገንዘብ ገበያ ድርጅት ካንተር ፊትዝጄራልድ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሥርዓቱ ኒውጀርዚ ውስጥም ሁለተኛ ማዕከል ስለነበረው የመንግሥት ቦንድ ገበያ ከሁለት ቀን በኋላ ሲከፈት መሥራት ቻለ። ይህን ያህል ሁለተኛ ማዕከል መያዝ ግን የሀብታም ነገር ነበር። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀውን ደንብ ሲያስፋፋ፣ ማለትም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ፣ ለአንድ ትንሽ ድርጅት የሚከብደው የመጨረሻው ክፍል ነበር። ቴፕ ማን ይውሰድ? የት ያኑረው? አንድ ሳምንት ቢረሳስ?

ማርች 14 ቀን 2006 አማዞን ኤስ ሦስት የተባለውን ማከማቻ ሲከፍት የመለሰው ይህንን ጥያቄ ነው። ለአንድ ጊጋባይት በወር 15 የአሜሪካ ሳንቲም፤ ውል የለም፣ መኪና የለም፣ ዝቅተኛ ክፍያ የለም። አንድ ፋይል ከ5 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም ነበር። 100 ጊጋባይት የያዘ ድርጅት በወር 15 ዶላር ከፍሎ ሌላ ግዛት ውስጥ ቅጂ አኖረ። መንገዱን አስቀድሞ ያቃናው ደግሞ በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ያወጡት አርሲንክ ነው፤ ሙሉውን ፋይል ትቶ የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ይልካል። በ2008 የወጣው ታርስናፕን የመሰሉ መሣሪያዎች ደግሞ መረጃው ከሰርቨሩ ከመውጣቱ በፊት ይመሰጥሩታል፤ ክላውዱ የሚያስቀምጠውን ማንበብ አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የምስጢር ቁልፉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ካለ፣ ሰርቨሩ የጠፋ ዕለት ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ ማንም የማይከፍተው ዝባዝንኬ ነው። ቁልፉን በወረቀት አትሞ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ርቀቱ ሲረክስ ሌላው ቅድመ ሁኔታ ተረሳ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2009 ማግኖሊያ የተባለው የድረ ገጽ ማስታወሻ አገልግሎት ግማሽ ቴራባይት ገደማ የሆነው ዳታቤዙ ተበላሸ። ባክአፑ ከዋናው ጋር እየተመሳሰለ የሚሄድ ነበርና ብልሽቱን ተከትሎ ተበላሸ። ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም፤ ዛሬም ፎቶውን ከስልኩ ደምስሶ ከክላውዱም ሲጠፋበት የሚደነግጥ ሰው ይህንኑ እያየ ነው። በ2011 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ጂሜይል ላይ የደረሰው ደግሞ ለተጠራጣሪ ሁሉ መልስ ነው። የማከማቻ ሶፍትዌሩ ማሻሻያ ይዞት በመጣ ስህተት 0.02 በመቶ ያህል ተጠቃሚዎች የኢሜይል ሳጥናቸው ባዶ ሆነ። ጉግል ቅጂዎቹን በብዙ ዳታ ሴንተር ነበር የያዘው፤ ስህተቱ ግን ሶፍትዌሩ ባለበት ሁሉ አብሮ ነበረ። መልእክቶቹ የተመለሱት ከማግኔት ቴፕ ነው። ቴፑ ከመስመር ውጭ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ስህተቱ አልደረሰበትም። ቴፕ የሞተ ቴክኖሎጂ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ሆኖም የክላውድ ዘመን እውነተኛ ፈተና የመጣው በጁን 2014 ነው። ኮድ ስፔስስ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ኮድ የሚያስቀምጥ ኩባንያ ነበር፤ ሥራው ሁሉ፣ ባክአፑም ጭምር፣ ያለው በአማዞን ክላውድ ላይ ነው። ጁን 17 በመጀመሪያ መስመሩ በሐሰተኛ ትራፊክ ተጥለቀለቀ። ቀጥሎ አንድ ሰው የኩባንያውን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍቶ ገብቶ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ትቶ ተገኘ። ሠራተኞቹ ፓስዎርዱን ለመለወጥ ተሯሯጡ። ሌባው ግን ለራሱ ሌሎች መግቢያዎችን አዘጋጅቶ ኖሮ ሊያስወጡት እንደሆነ ባወቀ ጊዜ ይደመስስ ጀመር፤ ሰርቨሮቹን፣ የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂዎቹን፣ ኤስ ሦስት ላይ ያለውን ማከማቻ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው መረጃና አብዛኛው ባክአፕ ጠፍቶ ኩባንያው መዘጋቱን አስታወቀ። የሱቁንና የመጋዘኑን ቁልፍ በአንድ ቀለበት ይዞ የሚዞር ነጋዴ አንዱን ሲሰረቅ ሁለቱንም ይሰረቃል፤ የሆነውም ይኸው ነው። በኪሎ ሜትር ቢለካ ቅጂው ሩቅ ነበር። በሥልጣን ቢለካ ግን ከዋናው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እዚህ ጋ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አማዞን ኤስ ሦስት 99.999999999 በመቶ አስተማማኝ ሆኖ የተነደፈ ነው ይላል፤ 10 ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ሰው በአማካይ አንዱን የሚያጣው በ10,000 ዓመት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የሚለካው ግን ዲስክ ሲሞት፣ ሕንፃ ሲጠፋ መረጃው የመትረፍ ዕድሉን ነው። የሒሳቡ ባለቤት ወይም ባለቤቱን መስሎ የገባ ሰው «አጥፋ» ሲል ክላውዱ ያጠፋል፤ በቁጥሩ መሠረትም ምንም የጠፋ ነገር የለም፤ ትዕዛዝ ነው የተፈጸመው። ክላውድ ሰጪዎች በውላቸው ውስጥ መሣሪያው የእኛ፣ መረጃው የእናንተ ኃላፊነት ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ የደረሰው ግን የእኔንም ክርክር የሚፈትን ነው። ያን ዕለት የድረ ገጹ ዳታቤዝ በአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ጫና በዝቶበት ሁለተኛው ዳታቤዝ ከዋናው ጋር መራመድ አቃተው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንድ ኢንጂነር ሁለተኛውን ከባዶ ለመጀመር የመረጃ ማኅደሩን ሊያጠፋ አሰበ፤ ትዕዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነው። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ በየዕለቱ ወደ ኤስ ሦስት መሄድ የነበረበት ዱምፕ የለም፤ ማከማቻው ባዶ ነው። ዱምፑን የሚያወጣው ፕሮግራም የፖስትግሬስ 9.2 እትም ሲሆን ዳታቤዙ 9.6 ነበርና በየሌሊቱ ከሽፏል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም በላኪ ማረጋገጫ ጉድለት ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ማንም አላየውም። የክላውዱ የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ለፋይል ሰርቨሮቹ ተከፍቶ ለዳታቤዙ አልተከፈተም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ሌላ ሥራ ሊፈትሽ የፈለገ ሠራተኛ በእጁ ወስዶ መሞከሪያ ሰርቨር ላይ ያኖረው ቅጂ ነበር። እሱንም በቀርፋፋ ዲስክ መልሶ ማምጣት 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ኩባንያው ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ የስድስት ሰዓቱ ለውጥ ግን አልተመለሰም። እንግዲህ የጠፋው ርቀት ወይም የሥልጣን መለያየት አይደለም፤ ማንም ሳይሞክረው መኖሩ ነው ቢባል ልክ ነው። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል። ነገር ግን ኩባንያው ያሰናዳቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንድ ላይ እንዴት ወደቁ ብለን ብንጠይቅ ወደዚያው እንመለሳለን። በየጊዜው ከቅጂው ዳታቤዝ አስነሥቶ የሚያይ፣ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ ሰው አልተመደበም። ቸልታውም አንድ በመሆኑ አምስቱንም ደረሰባቸው። በየሳምንቱ ባዶ ሰርቨር ላይ ቅጂውን አስነሥቶ የረድፍ ቁጥሩን ከዋናው ጋር የሚያመሳክር ትንሽ ስክሪፕት በሁለተኛው ሳምንት ይይዘው ነበር።

በዚያው ዓመት ጁን 27 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ተነሥቶ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን መታ። 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና መጫን ነበረበት። የሠራተኛውን ሁሉ መግቢያ የሚያውቁት 150 ገደማ ተቆጣጣሪ ሰርቨሮች እርስ በርስ እየተመሳሰሉ ባክአፕ ይሆናሉ ተብለው ነበር የተተዉት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደሙ። አንዱ ብቻ ተረፈ። ጋና ያለው ቢሮ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶበት ነበር። የጋናው መስመር ቀርፋፋ በመሆኑ መረጃው በአውሮፕላን ተጭኖ እንግሊዝ ገባ። እኛ ዘወትር የምንረግመው የመብራት መቋረጥ በወቅቱ የዓለም ትልቁ ለነበረው የኮንቴነር መርከብ ኩባንያ ባክአፕ ሆኖ አገለገለ።

ክላውድ ሰጪዎቹም ትምህርቱን ወሰዱ። በ2018 መጨረሻ አማዞን የተቀመጠ ፋይል እስከተወሰነለት ቀን ድረስ የሒሳቡ ዋና ባለቤት እንኳ ሊሰርዘው የማይችልበትን መቆለፊያ አወጣ፤ ሌሎቹም ተመሳሳዩን ሠሩ። የ1973ቱ ፊልም ያለ ሶፍትዌር የነበረው ባሕርይ ነው። ሰርቨሩ መጻፍ እንጂ መደምሰስ የማይችልበት መግቢያ፣ የተለየ የክላውድ ሒሳብና ይህ ቁልፍ አንድ ላይ ሲሆኑ የኮድ ስፔስስ ሌባ የሚነካው ነገር አያገኝም።

ከኢትዮጵያ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ተገቢም ነው። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ ኢንተርኔቱም ይዘጋል። በጁን 2020 መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ በዚያ ጊዜ ሰርቨሩ ለወደቀበት ድርጅት ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ ቢኖርም የለም። ሒሳቡንም እንሥራው። 500 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለማቋረጥ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል። እውነቱ ይህ ከሆነ የሚያስረዳው ክላውድ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ክላውድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቶሎ ለመመለስ የሚያገለግለው እዚያው ከተማ ሌላ ሕንፃ ያለ ዲስክ ነው፤ ክላውዱ ሕንፃውም ከተማውም አልሆን ሲል የሚፈለገው ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቅጂ አንዴ በቀስታ ከሄደ በኋላ በየሌሊቱ የሚሄደው ለውጡ ብቻ ነው፤ የአንድ መካከለኛ ድርጅት የቀን ለውጥ በተጨመቀ መልኩ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሆን ነው። የዶላሩ ችግር እውነተኛ ነው፤ ግን የወሩ ክፍያ ከአንድ ቀን የሥራ መቆም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ክላውዱ ራሱም ከጥፋት ነጻ አይደለም። ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት ኦቪኤች የተባለው ክላውድ ሰጪ ኩባንያ ስትራስቡርግ ከተማ ያለው ዳታ ሴንተር ነደደ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ በአውሮፓ ብዙ ድረ ገጾች ጠፉ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ባክአፕ ገዝተው የነበሩ ናቸው። ከደንበኞቹ አንዱ ቅጂው እዚያው በተቃጠለው ሕንፃ ውስጥ እንደነበር ደርሶበት ከሰሰ፤ የሊል ንግድ ፍርድ ቤትም በ2023 ካሳ ፈረደለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ካሳው መረጃውን አይመልስም። ከ1973 ወዲህ እሳት አዲስ ነገር አላሳየም። በዚያው በ2023 ኦገስት ክላውድኖርዲክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ በቤዛ ጠያቂዎች ተመትቶ የአብዛኞቹን ደንበኞቹን መረጃ ከነባክአፑ አጣ፤ ሰርቨሩም ባክአፑም በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ይተዳደሩ ነበር። በሜይ 2024 ደግሞ ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው የግል ክላውድ በጉግል በኩል በተሠራ የማዋቀር ስህተት ተሰረዘ፤ በሁለት አካባቢ የነበረው ሁለቱም ቅጂ አብሮ ሄደ። አባላቱ ለሳምንት ያህል ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ወደ ሥራ ለመመለስ ከረዷቸው አንዱ በሌላ ኩባንያ ዘንድ ያኖሩት ባክአፕ ነበር። ሁለት ክላውድ መክፈል ብክነት ነው የሚል የፋይናንስ ኃላፊ ይህን ቢያነብ ይበጀዋል።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ ባለው የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ዳታ ሴንተር ውስጥ ባትሪ ሲዛወር እሳት ተነሣ። 709 የመንግሥት ሥርዓቶች ቆሙ። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ጂ ድራይቭ የተባለው የሲቪል ሠራተኞች ክላውድ ግን አልተመለሰም። ወደ 125,000 ሠራተኞች ይጠቀሙበት ነበር፤ ሰነዳቸውን በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን እዚያ እንዲያስቀምጡ ታዝዘው ስለነበር ትዕዛዙን በደንብ ያከበረው መሥሪያ ቤት የበለጠ ተጎዳ። 858 ቴራባይት ጠፋ። ለምን ባክአፕ አልነበረውም ሲባል የተሰጠው ምክንያት መጠኑ በጣም ትልቅ በመሆኑ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንፈትነው። አማዞን በ2019 በከፈተው እጅግ ርካሹ የማኅደር ማከማቻ በአሜሪካ ዋጋ ለአንድ ቴራባይት በወር አንድ ዶላር ገደማ ነው፤ 858ቱ ቴራባይት በወር 850 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ማስመለሻው ሌላ ወጪ ቢኖረውም። የመንግሥት ሰነድ ከአገር አይወጣም ከተባለም፣ ያ ተገቢ ሐሳብ ነው፣ ዘጠነኛው ትውልድ የኤልቲኦ ቴፕ አንዱ ካሴት ሳይጨመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል። የጂ ድራይቭ ሙሉ ቅጂ በ48 ካሴት ያልቅ ነበር።